ያልታጨደው ጓሳ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11፡30፣ መርሳ

መናኸሪያው በር ላይ ከቆመ አይሱዙ አጠገብ፣ ሁለት ሹራብ ደርቤ ከላዩ ኮት ጨምሬ፣ ላቤን እጠርጋለሁ። መርሳ በየካቲትም መርሳ ናት፤ ጎህ ሳይቀድ ትሞቃለች። ተራራው ላይ ያለው ብርድ አጥንት ይሰብራል ብለው ስላስፈራሩኝ ያለኝን ልብስ ሁሉ ከቤት ለብሼ ወጥቻለሁ። ሹፌሩ ሰይድ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ "መምህር፣ ብርዱን ከዚሁ ጀምረው ነው እንዴ የሚጠብቁት?" ብሎ በሩን ከፈተልኝ።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ ሃያ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ቀይ ቀበሮ እስላለሁ፤ ተማሪዎቼም በየዓመቱ ውሻ ነው ብለው ይስቁብኛል። ቀበሮዋ የምትኖርበት ጥብቅ ተራራ ከቤቴ የአንድ ቀን መንገድ ነው። አንድም ቀን ግን ወጥቼ አላውቅም። "ሲመቸኝ" እያልኩ ስኖር ጦርነቱ መጣ። ከተሞቻችን ተያዙ፣ ተለቀቁ፤ ግንባሩ ወደ ሰሜን ፈቀቅ ካለ ገና ወራት መቁጠሩ ነው። የሚመች ቀን የሚባል ነገር እንደሌለ የገባኝ ያኔ ነው።

እውነቱን ከተናገርኩ ግን ያንቀሳቀሰችኝ ቀበሮዋ ሳትሆን የሺ ናት። የሺ ከጦርነቱ ወዲህ ከሁለት ልጆቿ ጋር በግቢዬ የኋላ ክፍል የተጠለለች የደጋ ሴት ናት። ቀን ቀን መናኸሪያው ጥግ ማንጎ ትሸጣለች። ቤቷ ተራራው ሥር ነበር፤ በከባድ መሣሪያ ጣራው ነዶ ግድግዳው ብቻ ቀርቷል። ባሏ ደምሴ በዚያው ሰሞን የታመመ ጎረቤት በቃሬዛ ይዞ ከሦስት ሰዎች ጋር ወደ ወልድያ ወረደ። በሽተኛውን አድርሰው ሲመለሱ ተኩስ በተናቸው። ሦስቱ ቤታቸው ገቡ፤ ደምሴ አልገባም። ሞቶ አየሁት ያለ የለም፤ በሕይወት አየሁት ያለም የለም።

አሁን ሰይድ ከደጋ ወሬ ይዞላት መጥቷል፤ የጎጧ ጓሳ ሐሙስ ይከፈታል። ጓሳ የደጋ ቤት የሚከደንበት ረጅምና ጠንካራ ሳር ነው። ተራራው በሕዝቡ መሐላ የተከለለ ነው፤ ለዓመታት ይዘጋና ሳሩ ሲደርስ ሽማግሌዎች ይከፍቱታል፣ እያንዳንዱ ቤት ድርሻውን ያጭዳል፣ ተመልሶ ይዘጋል። የዘንድሮው ካመለጣት የሚቀጥለውን ስንት ዓመት እንደምትጠብቅ እንጃ። ጣራ ካልኖራት ደግሞ ከክረምቱ በፊት ልጆቿን ይዛ አትመለስም፤ ካልተመለሰች ማሳዋ ጦሙን ያድራል። ልጆቹን ለጎረቤት አደራ ብላ፣ ማጭዷን በጨርቅ ጠቅልላ መጥታለች። የእኔ አስተዋጽኦ ሸክም ማሰሪያ የሚሆን ሠላሳ ክንድ አዲስ ገመድ ነው፤ ግራና ከምትባለው ጎረቤት ከተማ ገበያ የገዛሁት።

ጠዋት 1፡15፣ ሲሪንቃ

መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሰይድ ግን ቀጥ ብሎ አይነዳም፤ የታንክ ሰንሰለት አስፋልቱን በልቶታል። በስተቀኝ የተቃጠለ መኪና አፅም፣ በስተግራ የግብርና ምርምር ማዕከሉ ማሽላ ማሳ፣ ከማሳው ዳር ሽንኩርት በጆንያ ደርድረው ገዢ የሚጠብቁ ሴቶች። ኬላ ላይ ወረድን። መታወቂያዬን ያየው ሚሊሻ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀ። የሺ ሳር ልታጭድ እንደሆነ ነገረችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ኮቴን አየ፤ እኔም ቀበሮ ለማየት እንደምሄድ ነገርኩት። ለሁለታችን መታወቂያችንን ሲመልስልን የሷን በአክብሮት፣ የእኔን በፈገግታ ነበር።

ረፋድ 3፡00፣ ወልድያ

ሻይ አሥር ብር፣ ፓስቲ አሥራ አምስት። ዱሮ በዚህ ዋጋ ምን ምን ይበላ እንደነበር ማውራት የወልድያ ሻይ ቤቶች ጸሎት ሆኗል፤ እኔም ደገምኩ። ፎቁ የተበሳሳ ቤት ሥር ተቀምጠን እየበላን የሺ ድንገት ተነሥታ መንገድ ተሻገረች። ሆስፒታሉ በር ላይ የቆመውን ዘበኛ አነጋገረች፤ ቀጥላ ሊስትሮውን፣ ቀጥላ ሎሚ የምትሸጥ ሴት። የምትጠይቀው ነገር ርቀቱም ሳይከለክለኝ ገባኝ፤ እጇን ከራሷ ከፍ አድርጋ የቁመቱን ልክ ታሳያለች። ሰይድ እሷን ይዞ በመጣ ቁጥር እንዲሁ እንደምታደርግ በቀስታ ነገረኝ።

ከሰዓት 8፡00፣ ከድልብ በላይ

ዳገቱ መርሳን ከነሙቀቷ ታች ጥሏታል። ጆሮዬ ተደፍኗል፤ ሹራቦቼ አሁን ዋጋ አገኙ። ሰይድ መኪና የሚደርስበት መጨረሻ ላይ አወረደንና ዓርብ ጠዋት እዚሁ እንደሚጠብቀን ተናገረ። "አላህ ያሳካልሽ እህቴ" አላት።

ሊቀበለን የመጣው ፈንታው የተራራው ጠባቂ ነው፤ የደምሴ የአጎት ልጅም ነው። ዘንግ እንጂ መሣሪያ የለውም። ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቆ ወጣ። እኔ በየሃምሳ እርምጃው ቆሜ መልክዓ ምድሩን የማደንቅ መስዬ እተነፍሳለሁ። ፈንታው ነቅቶብኛል መሰለኝ እሱም በየሃምሳው እየቆመ አብሮኝ ያደንቃል።

ከሰዓት 10፡30፣ ውርጭ አምባ

የተራራውን እውነተኛ ስም አልጽፍም። ሽማግሌዎቹ፣ ሳሩ ሳያገግም እንግዳ እንዳይግተለተልብን ብለው አስምለውኛል። ውርጭ አምባ ልበለው፤ ብርዱ ስሙን አያሳፍርም።

አናቱ ላይ ስንወጣ አገሩ ተገለጠ። ከፊታችን ገና ያልተከፈተው ጓሳ ወርቃማ ሆኖ እስከ ገደሉ ይወርዳል፤ በመሀሉ ጅብራ የሚባሉት የደጋ ተክሎች ሰው አክለው፣ አንዳንዶቹም ሰው በልጠው ቆመዋል። ከሸለቆው ማዶ ያለው የሌላ ጎጥ ድርሻ ባለፈው ሳምንት ታጭዷል። ተዳፋቱ ተላጭቷል፤ እዚህም እዚያም ግን ምንም ያልተነካ ጓሳ በአራት ማዕዘን ተከልሎ ቆሟል።

ባዮሎጂ አስተማሪነቴ እዚህ ላይ አመለጠኝ። ፎቶ እያነሳሁ ማስተማር ጀመርኩ። ያ ሳር ለምን እንደቀረ ታውቃላችሁ? የሳር አይጦች መጠለያ እንዲያገኙ ነው፤ አይጥ ካለ ቀበሮ አለ። አባቶቻችን ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ እንዴት ያለ የጥበቃ ዘዴ ፈጠሩ እያልኩ ረጅም ንግግር አደረግሁ። ፈንታው መሬት መሬት ያያል። የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝ፤ ጨርሼ ዝም ስል ቀድማን ወረደች።

ራቅ ስትል ፈንታው ነገረኝ። "መምህር፣ እሱ የአይጥ አይደለም፤ የሰው ነው። ወጥተው ያልተመለሱ ሰዎች ድርሻ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርሻው የሚቆጠረው በአባወራ ስም ነው። ጓሳው ሊከፈት ሲል የተራራው ዳኛ ስም ይጠራል። የተገኘ "አለሁ" ይላል። የሞተ ከሆነ ቤተሰቡ "ነፍሱን ይማር" ይልና ድርሻው ለሚስቱ ወይም ለልጁ ይተላለፋል። የት እንዳለ ያልታወቀ፣ መርዶው ያልተነገረ ከሆነ "አልመጣም" ይባላል፤ ያኔ ድርሻውን ማንም አይነካም። በአያቶቻቸው ዘመን በክፉ ቀን የተሰደደን ሰው ሞቷል ብለው ድርሻውን ተከፋፈሉ፤ ሰውዬው በሁለተኛው ዓመት መጥቶ "የእኔ ቦታ የታለ?" አለ፤ ደም ፈሰሰ። ከዚያ ወዲህ በሕይወት ያለን ሰው በአፋቸው ላይገድሉ ማሉ።

የሺ ጣራ የምታገኘው እንግዲህ የባሏን ሞት በጉባኤ ፊት ከተናገረች ብቻ ነው። ይህን ከመርሳ ጀምራ ታውቃለች። እኔ አይጥ ሳስተምራትም ታውቅ ነበር። ፎቶዎቹን ማየት አስጠላኝ፤ አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡45፣ ውርጭ አምባ

ከፈንታው ቤት የገብስ ቂጣ በተልባ በልተን ወጣን። ውርጩ ጓሳው ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፤ ጫማ ሲረግጠው ይንኮሻኮሻል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ ሥር እየተንጫጩ ወጥተው ፀሐይ ሊሞቁ ተቀመጡ። ፈንታው በጦርነቱ ወቅት ጎጡ በሙሉ እዚህ ሳር ውስጥ እንደከረመ አጫወተኝ። እሳት አላነደዱም፤ ጭስ ያጋልጣል። የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ምኝታቸው ድንጋይ ላይ ነበር፤ ዙሪያቸውን ሳር ከቧቸው ለምንጣፍ እንኳ አንድ እፍኝ አልቆረጡም። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ ጥያቄው ራሱ እንግዳ ሆነበት። "ተዘግቷል እኮ" አለኝ።

ከዚያ ክንዴን ያዘኝና በዘንጉ ማዶውን አሳየኝ። ካልታጨዱት አራት ማዕዘኖች ከአንዱ ቀይ ቀበሮ ወጣች። ከሥዕሌ ትቀጥናለች፤ እግሯም ይረዝማል። አንድ እግሯን አንሥታ አዳመጠች፣ ዘለለች፣ አይጧን በአፏ ይዛ ወደመጣችበት ሳር ተመልሳ ገባች። ሃያ ዓመት ስስላት የኖርኩትን አየሁ ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ሲጀምር ሳሩ የማን እንደሆነ ትዝ አለኝ። ስለ አይጥና ቀበሮው ትናንት ያልኩት እውነት ነበር፤ ይህ ግን አላጽናናኝም።

ከሰዓት 9፡00

የሺን ቤቷ ውስጥ አገኘኋት። ቤት ማለት ግድግዳና ሰማይ ነው። የወደቀውን ከሰል ጠርጋ፣ ምድጃዋን በጭቃ ለቅልቃለች፤ ነገ የምትገባበት ይመስል። ጎረቤቷ ደግሞ የዳኛው የአያ ካሤ ቤት ነው። ጣራው ሰማያዊ ሸራ ነው፣ ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ተጭኖበታል። የጓሳ ዳኛ ሆኖ ሸራ ሥር ማደር ምን ይባላል ብዬ በልቤ አፌዝኩባቸው። ትናንት ሰላምታ ስሰጣቸው ፊታቸው አልተፈታልኝም ነበር፤ የየሺን ነገር ቀለል አድርገው እንዲያዩላት ስለምናቸውም፣ "እሷ የምትለውን ነው የምሰማው" አሉኝ። ግትር ሽማግሌ ናቸው ብዬ ደምድሜያለሁ።

ፈንታው ሁለት ሸክም ከድርሻው ሊሰጣት ቃል ገብቷል። ሁለት ሸክም የዶሮ ቤት ይከድናል። ሌላው ሁሉ የራሱ ጣራ ነዶበታል። ስለዚህ እኔ፣ ከተማ የማውቀው፣ መጽሐፍ ያነበብኩት፣ ምክር ጀመርኩ።

"ሳር እኮ ነው የሺ። አንድ ቃል ትያለሽ፣ ጣራሽን ትከድኛለሽ። ደምሴ ከመጣ እሰየው ነው፤ ማን ይከስሻል?"

እጇ ላይ የደረቀውን ጭቃ ፋቀች። "አፌ ሞቷል ካለ፣ ወደ ቤት የሚመጣው እግሩ ይቆማል፣ መምህር" አለችኝ።

እኔ ግን አላቆምኩም፤ ልጆቹን አነሳሁባት። ክረምቱን፣ የክፍሏን ጥበት፣ የታናሿን ሳል አነሳሁባት። የልጅ ነገር የማያሸንፋት እናት የለችም፤ ያን አውቄ ነው የተናገርኩት። በመጨረሻ፣ "እሺ፣ እላለሁ" አለች። ወደ ማታ የፈንታውን ሚስት ጥቁር ነጠላ ስትዋስ አየኋት። ቃሉን ካወጣች እዚያው ለቅሶ ይሆናል፤ ያለ ጥቁር አይሆንም።

ሐሙስ፣ ጠዋት 12፡30፣ የጓሳው አፋፍ

ጎጡ በሙሉ ወጥቷል። ማጭዶች፣ ገመዶች፣ ለሸክም የተዘጋጁ አህዮች፣ ባና የተከናነቡ አሮጊቶች። ማንም ጓሳውን አልረገጠም፤ ሁሉም ከወሰኑ ድንጋይ ወዲህ ቆሟል። ቄሱ ጸሎት አድርሰው አያ ካሤ ድንጋይ ላይ ወጡ። ወረቀት የላቸውም። ከላይኛው ቤት ጀምረው ወደ ታች በቃላቸው ይጠራሉ።

"አለሁ።" "አለሁ።" የተጠራው ወሰኑን ተሻግሮ ድርሻው ላይ ይቆማል። አንዲት ሴት "ነፍሱን ይማር" አለች፤ ሰዎች ደግፈዋት ተሻገረች፣ ለቅሶው እስኪበርድ ተጠበቀ። የሺ አጠገቤ ናት። ጥቁሩን ነጠላ በአራት አጥፋ ብብቷ ሥር ይዛዋለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ቃሉን እየተለማመደችው ነው።

አያ ካሤ ቀጠሉ። "ሲሳይ ካሤ።"

ማንም አልመለሰም። ዘወር ዘወር ብዬ ሲሳይ ማን እንደሆነ ፈለግሁ። ሁሉም ሰው ያቀረቀረው ወደ መሬት ነው። ሽማግሌው ራሳቸው፣ በዚያው በጠሩበት ድምፅ፣ ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ፣ "አልመጣም" ብለው መለሱ።

ፈንታው በጆሮዬ ነገረኝ። አንድያ ልጃቸው ነው፤ መሬቱንም ድርሻውንም ካወረሱት ቆይተዋል። ከደምሴ ጋር ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ አይደለም፤ በሌላ ቀን፣ ላሞች ፍለጋ እንደወጣ ቀረ። ጣራቸው ለምን ሸራ እንደሆነ የዚያን ጊዜ ገባኝ። በትናንት ፌዜ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ደምሴ አበበ።"

የሺ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች። ነጠላውን ከብብቷ አወጣችው። አንደኛውን አጥፋ ገለጠች፣ ቆመች። አያ ካሤ አልቸኮሉም፣ አልረዷትምም፤ ማዶ ማዶ ያያሉ። እኔ ትናንት ያን ያህል የተናገርኩት ሰውዬ፣ እንዳትለው እየጸለይኩ ነበር። እንድትለውም እጸልይ ነበር።

"አልመጣም" አለች።

አያ ካሤ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚቀጥለውን ስም ጠሩ።

ሁሉም ከተጠራ በኋላ ዳኛው ማጭዳቸውን አነሡና የመጀመሪያውን እፍኝ ከሌላ ሰው ድርሻ ቆርጠው ለባለቤቱ ሰጡ። የራሳቸው የለማ። ከዚያ ተራራው በማጭድ ድምፅ ተሞላ። የሺ ጥቁሩን ነጠላ መልሳ አጥፋ ለፈንታው ሚስት ሰጠች፣ ማጭዷን ከጨርቁ ፈታች፣ ቀኑን ሙሉ ለፈንታው ቤት ስታጭድ ዋለች። እኔም ማጭድ ያዝኩ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ጣቶቼን ለጥቂት ሳልቆርጣቸው ቀረሁ፤ ከዚያ ሳቅ በሳቅ ሆነው ነዶ ተሸካሚ አደረጉኝ።

ዓርብ፣ ጠዋት 2፡00፣ ቁልቁለቱ

ስንሰናበት አያ ካሤ ከሸራው ሥር ወጡ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ፈልጌ ጎንበስ አልኩ። ለእኔ እጃቸውን ሰጡኝ። የሺን ግን ግንባሯን ሳሟት። "ነጋዴ ወደ ሰሜን በወረደ ቁጥር የሁለቱንም ስም እልካለሁ፣ ልጄ" አሏት። እሷም "አንቱም ሸራውን ክረምቱ ሳይገባ ያጥብቁት" አለቻቸው።

መታጠፊያው ላይ ለመተንፈስ ቆምኩ። የእኛ ጎጥ ተራራ አሁን ተላጭቷል፤ ያልታጨዱት ማዕዘኖች ቆመውበታል። ስንት እንደሆኑ ቆጥሬያለሁ፤ አልጽፈውም። የሺ አጠገቤ ደርሳ ጣቷን ዘረጋች።

"ያቺ የእኛ ናት፤ ከሁለቱ ጅብራዎች ሥር። ጎኗ ያለችው የሲሳይ ናት።" ለእንግዳ ቤቷን የምታሳይ ሴት ድምፅ ነበር። ፎቶ ላንሳልሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ ያንሡ አለች። ከጉዞው ያስቀረሁት ፎቶ ይህን ብቻ ነው።

ሰይድ በቃሉ መሠረት ቆሞ አገኘነው። ፊቷን አየና በሩን ከፈተላት። ወልድያ ስንደርስ ሳይነገረው ሆስፒታሉ ፊት ለፊት መኪናውን አቆመ። የሺ ወረደች። እጇን ከራሷ ከፍ አድርጋ ስትጠይቅ ሁለታችንም ቁጭ ብለን ጠበቅናት።

ማምሻ 11፡00፣ መርሳ

ሙቀቱ ከነማንጎ ሽታው ተቀበለን። ሹራቦቼ ጆንያ ውስጥ ገብተዋል። ልጆቿ ከጎረቤት ሮጠው መጡ፤ ትልቋ ቤታችን ተከደነ ወይ ብላ ጠየቀች። የሺ ቁጢጥ ብላ ሁለቱንም አቀፈቻቸው። "ጓሳው አምሯል" አለቻቸው፤ "አባታችሁ ሲመጣ ያጭደዋል።"

ከዚያ ወደ እኔ መጥታ ገመዱን ሰጠችኝ። ሠላሳ ክንዱም እንዳለ ነው፤ ግራና ላይ የታሰረበት ቋጠሮ እንኳ አልተፈታም። እሷ ጋ ልጆቹ እንዳይጫወቱበት ሰግታለች። "እስኪመጣ አንቱ ጋ ይቀመጥልኝ" አለችኝ።

ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። ከተመለስን ወዲህ አንድ ቀን የልብስ ማስጫ ገመዳችን ተበጥሶ ባለቤቴ እሱን ልታወርድ ስትል፣ አይ፣ የሰው አደራ ነው አልኳት። ወጥቼ ሌላ ገመድ ገዛሁ።